በሶብላዬን አደራ

በቀበሌው መዝገብ ላይ የእትዬ የእህት ልጅ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ከእትዬ ጋር የምንዛመደው በአዳምና በሔዋን በኩል ብቻ ነው። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ክፍል ማከራየት የሚያስጠይቅ ስለነበር ሰው ማስጠጋት የፈለገ ሁሉ ዘመድ ይፈጥራል፤ የተጠጋውም «ደባል» ይባላል። ባለቤቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ስለነበር ወሩን አብዛኛውን መንገድ ላይ ነው። እኔ ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ታይፒስት ነበርኩ። እናም በእትዬና በባለቤታቸው በጋሼ ግቢ፣ ከማድቤቱ ጎን ባለችው ሰርቪስ ክፍል፣ በውሸት ዘመድነት ገብቼ የእውነት ዘመድ ሆኜ ወጣሁ።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። በምናገረው ነገር ውስጥ አንዲት ምስጢር አለች፤ እትዬ አደራ ስላሉኝ ጋሼ በሕይወት እስካሉ ድረስ ትንፍሽ አላልኩም። አሁን ባወጣት አደራ በላ የሚለኝ አይኖርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ግቢው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም አይርቅም ነበር። ከኋላችን ወደ ቡልቡላ የሚወርደው ሜዳ ያኔ ገበሬ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት መሬት ነው። ነሐሴ ላይ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከዚያ ሜዳ ይነሣና አጥር ዘሎ ግቢያችን ይገባል፤ ከገባ ደግሞ እስከ ሦስት ሰዓት ውጣ ቢሉት አይወጣም። ያጠብነው ልብስ ሦስት ቀን ይሰቀላል። ጨው በዕቃው ውስጥ ይሟሟል። አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ በሳምንቱ ጺም አብቅሎ ይገኛል። ክረምት የሚወዱ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ቦሌ ሜዳ ዳር ያልኖሩ መሆን አለባቸው።

ጋሼ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። የሸዋ ልጅ ናቸው፤ እትዬ ደግሞ ትግራይ ተወልደው ያደጉ፣ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ በአንድ ትንፋሽ አሥር ነገር የሚናገሩ። ልጅ አልወለዱም። ያላቸው ነገር ቢኖር እርስ በርሳቸው ነበር፤ እና በማድቤቱ መስኮት ሥር የተተከለው በሶብላ።

በሶብላው ታሪክ ነበረው። እትዬ ሲዳሩ እናታቸው ዘሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሰጥተዋቸዋል። ጋሼ፣ ለራሳቸው ነገር አፍ የሌላቸው ሰው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህችን ብቻ ሳይናገሩ አይቀሩም። «ያ የምታዩት በሶብላ ከእናቷ ቤት የመጣ ነው» ይላሉ። «ሃያ ዓመቱ ነው። በዚህ ክረምት፣ በዚህ ጉም፣ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም። የእጇ ነገር ነው።» ታሪኩ እዚህ ሲደርስ እትዬ ሁልጊዜ አንድ ነገር ለማምጣት ወደ ማድቤት ይነሣሉ። ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

መንግሥት ሊለወጥ ሁለት ዓመት ከምናምን ሲቀረው፣ በበጋ፣ እናታቸው እንደታመሙ ለእትዬ መልእክት መጣ። ለሁለት ሳምንት ብለው ተነሡ። የሄዱበትን ጠዋት አልረሳውም። በሩ ላይ ቆመው፣ ሻንጣው ታክሲ ውስጥ ገብቶ፣ እሳቸው ገና አደራቸውን አልጨረሱም። «ዶሮዋን ማታ ማታ አስገባ፤ ጭልፊት አለ። የክርስትና ልጄን እየሄድክ ጠይቀው። ሹራብህን ሳትለብስ እንዳትወጣ። ሲጋራህን ቀንስ። በሶብላዬንም አደራ!» ታክሲው ሲነሣ እንኳ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው የሚናገሩት ነገር ነበር፤ እሱን ግን አልሰማነውም።

ሁለቱ ሳምንት ሳያልቅ መንገዱ ተዘጋ። ጦርነቱ እትዬ ያሉበትን አገር ከዚህ ቆርጦ አስቀረው፤ አውቶቡስ የለ፣ ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነጋዴ በየት በየት አድርጎ በእግሩ ወጥቶ የአንድ ዓረፍተ ነገር መልእክት አደረሰልን፤ «ደህና ነኝ፣ እናቴም ተሽሏታል፣ መንገድ ሲከፈት እመጣለሁ።» ከዚያ በኋላ እንደገና ዝም።

በዚያን ጊዜ ሚስቱ በወዲያኛው በኩል የቀረች ሰው ዓይን ይበዛበታል። አንድ እሑድ በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ለመሆኑ ባለቤትዎ የት ናቸው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ጋሼ ከመቀመጫቸው ሳይንቀሳቀሱ «እናቷ ጋ» አሉት። «እናታቸውስ የት ናቸው?» ሲል «ቤታቸው» አሉ። ስብሰባው ሁሉ ሳቁን ዋጠ፤ ሰውዬውም ተቀመጠ። እኔ ግን ከጎናቸው ስለነበርኩ ሲጋራቸውን በግልባጩ ሲለኩሱ አይቻለሁ። ጠዋት ሥራ ገብተው የሚያድሷቸው አውሮፕላኖች እትዬ ወዳሉበት አቅጣጫ ይበራሉ፤ እሳቸው ግን መሳፈር አይችሉም።

ሰኔ ሲገባ ጋሼ ማድቤት ውስጥ ተንጠልጥሎ የደረቀውን ያለፈውን ዓመት በሶብላ አወረዱና አረገፉት። በሕይወታቸው አንድ ተክል ውሃ አጠጥተው አያውቁም። ቢሆንም ዘሩ። በቀለላቸው። ሃያ አራት ግንድ ሆነ፤ ሐምሌን ደህና ከረመ፤ ነሐሴ መግቢያ ላይ አበባው ተደራርቦ ወጣ። ጋሼ በየማታው ከሥራ ሲመለሱ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ መጀመሪያ እሱን ያዩታል። እኔም በመስኮቴ እሳቸውን አያለሁ።

አንድ ቀን ጠሩኝ። ቅጠሉ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ከአንዱ ግንድ አናት ላይ ያለው አበባ ብቻ ቡናማ ሆኗል። በጣታቸው ሲፈለቅቁት መሐሉ አመድ የመሰለ ጸጉር አብቅሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻግቷል፣ ጋሼ።»

«እንጀራ ነው እንዴ የሚሻግተው?» አሉና ቀስ ብለው «በሷ እጅ እኮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። ሰው ለአንድ እፍኝ ቅመም እንደዚያ አይሆንም።

በማግስቱ ሌሎች ሦስት ሆኑ። የጎረቤታችን ሴትዮ መጥተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓይን ነው» አሉ። «እሷ የለችም ብሎ የገባ የወጣው ሁሉ እያየው። ቀይ ጨርቅ እሰሩበት።» ጋሼ መካኒክ ሰው ስለሆኑ ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቁም። «መልካም፣ ቀይ ጨርቅ አምጡልኝ» አሉና ረጅም ሸምበቆ ጫፍ ላይ አስረው በመደቡ አጠገብ አቆሙት። ሴትዮዋ ደስ ብሏቸው ሄዱ። እሳቸው ግን በርጩማ አምጥተው ተቀመጡና ጨርቁን ይመለከቱ ጀመር። ለካ የፈለጉት ንፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ ለማየት ነው። ማረፊያው ሜዳ ላይ ለፓይለት ንፋስ የሚያሳይ ጨርቅ አይሰቀልም? እንደዚያ። ሦስት ቀን አዩት። በአራተኛው ቀን «በዚህ በኩል ንፋስ የሚባል ነገር የለም፤ ግድግዳው ይከለክለዋል» አሉ።

እሑድ ጠዋት ብድግ ብለው ከሃያ አራቱ አሥራ ሁለቱን ነቀሉ። ደህናውን ከታመመው ሳይለዩ፣ አንዱን ትተው አንዱን። እየጮህኩ ወጣሁ። «ጋሼ! የእትዬን አደራ እኮ ነው የሚነቅሉት!»

«ተጨናንቀዋል» አሉ። «ተጨናንቆ የሚተነፍስ የለም። አንቺ ውሃ ነው የሚገድለው ትያለሽ። ውሃ አይደለም። ወርዶ የማይሄድ ውሃ ነው። ዝገትም እንደዚሁ ነው፤ ገላጣው ብረት ላይ አይጀምርም። ሁለት ብረት የሚገናኝበት፣ ዓይን የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው የሚጀምረው።»

ከሰውዬው አንደበት በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ቃል ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ግብርና የማያውቅ ሰው በሚያውቀው ሙያ ብቻ እየተመራ ያንን ክረምት ተጋፈጠው። መደቡን ከፍ አደረጉና ሥሩ ጠጠር አነጠፉ። የያንዳንዱን ግንድ የታችኛውን ቅጠል አንድ ስንዝር ያህል ለቀሙት፤ ጭቃ ሲፈናጠር እንዳይደርስበት። ከሥራ ቦታቸው አንድ መሣሪያ ይዘው መጡ፤ ዘንግ ጫፍ ላይ የተገጠመች የብር ሳንቲም የምታህል መስታወት ናት። ሞተር ውስጥ ዓይን የማይደርስበትን የሚያዩባት። እሷን አበባው መሐል እየሰደዱ፣ በሌላ እጃቸው ባትሪ እያበሩ፣ እያንዳንዱን ዘለላ ከውስጥ ይመረምራሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ ለብቻቸው እያንጎራጎሩ።

ጎህ ሲቀድ ደግሞ ነቅናቂ ናቸው። ጉሙ ሌሊቱን አበባው ላይ ያስቀመጠውን ጤዛ ለማራገፍ እያንዳንዱን ግንድ በሁለት ጣት ይዘው ቀስ አድርገው ያወዛውዙታል። እኔ ከአልጋዬ ሳልነሣ ጠብ ጠብ ሲል እሰማዋለሁ። ዝናብ ባባራ ቁጥርም እንዲሁ። ሁሉንም አዳርሰው ፊታቸውን ታጥበው ሥራ ይሄዳሉ።

ከሁሉም የወደድኩት ክዳኑን ነው። አራት ቋሚ አቁመው፣ ዙሪያውን ባዶ ትተው፣ ከላይ አንድ ቆርቆሮ በማጠፊያ ገጠሙበት። ከቆርቆሮው የተነሣ ገመድ በማድቤቱ መስኮት ይገባል። ገመዱ ሲለቀቅ ቆርቆሮው ይወርድና ዝናብ ይከልላል፤ ሲሳብ ይነሣና ፀሐይና ንፋስ ያስገባል። እሳቸው ሥራ ሲሆኑ ገመዱ የኔ ነው። ከመሥሪያ ቤት ለምሳ እሮጣለሁ፤ አለቃዬ የማጠባው ልጅ ያለኝ ይመስለው ነበር። «ሲዘንብ ልቀቂው፣ ሲያባራ ሳቢው» ብለው አሳዩኝ፤ በዚህም በዚያም ሻጋታው ቆመ። አሥራ ሁለቱም ግንድ ደህና ሆነ።

አንድ ማታ፣ መስታወቷን እየወለወሉ ሳሉ፣ ደፈር ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ እትዬ እኮ ቢደርቅም አይቀየሙዎትም። ገበያ ሞልቷል።»

ጋሼ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ዶሮዋን አደራ አለችኝ፤ ጭልፊት ወሰዳት። የክርስትና ልጇን አደራ አለችኝ፤ ውትድርና ወሰደው። ሹራቡን ሥራ ላይ ዘይት ነካው፤ እሱም ቀረ። ሲጋራዬን እንደምታዪው ነው።» ትንሿ ጣታቸው ሳትታጠፍ ቀረች። እሷን አዩዋት፣ እኔም አየሁዋት። «መጥታ ምን ጠበቅህልኝ ብትለኝ የማሳያት ይቺ ናት» አሉ። ከዚያን ቀን በኋላ ገበያ የሚል ቃል አላነሣሁም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላል የአገሬ ሰው።

ነሐሴ ሊጋመስ ሲል ሥራ በዛ ተብሎ ጋሼ አውሮፕላን ማረፊያው ሰነበቱ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶፍ መጣ፤ ንፋስ ያለበት፣ በረዶ የቀላቀለ። ገመዱን ለቀቅሁ። ቆርቆሮው ወርዶ ትንሽ እንደቆየ አንዱ ማጠፊያ ተገነጠለና እየተንጋጋ ይገለጥ ጀመር። በረዶው አበባውን ሲደበድበው ከመስኮቱ ይታየኛል። ባለቤቴ ለጭነት መሸፈኛ ብሎ ያመጣው ወፍራም ላስቲክ አልጋዬ ሥር ነበር። ጎትቼ አወጣሁትና በዝናቡ ውስጥ እየሮጥኩ በአራቱ ቋሚ ላይ ጣልኩት፤ በአራቱም ማዕዘን እስከ መሬት አወረድኩት፤ ዙሪያውን ድንጋይ ጫንኩበት። እንደ አራስ ልጅ ጠቅልዬ አስተኛሁት። እኔ ከራስ እስከ እግር በስብሻለሁ፤ ልቤ ግን በኩራት አብጧል። ጋሼ ሲመጡ ምን እንደሚሉኝ ሁሉ አስቤያለሁ።

ዝናቡ ሦስት ቀን ሲል ሲል ሰነበተ፤ በመሐሉ ፀሐይም ብቅ ትላለች። እኔ አልገለጥኩትም። እሑድ ላይ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ጠብታ ይዞ አየሁ። ዝናቡ በሥር እየገባ ነው ብዬ ሌላ ድንጋይ ጨመርኩ። ሰኞ ጠብታው በዛ። ተጨማሪ ድንጋይ። ዛሬ የማውቀውን ያኔ ባውቅ በዚያ ድንጋይ ራሴን ነበር የምመታው።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ መጡ። ዓይናቸው እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ላስቲኩን ሲያዩ ቦርሳቸው ከእጃቸው ወደቀ። ድንጋዩን አንሥተው ሲገልጡት የድስት ክዳን እንደተከፈተ እንፋሎት ወጣ፤ ከእንፋሎቱም ጋር የበሶብላ ሳይሆን የጓዳ ሽታ። ዘለላው ሁሉ ሸብቷል። ቁጥቋጦው ቆሞ ይታያል እንጂ መሐሉ አልቋል።

ማልቀስ ጀመርኩ። ጋሼ ዘወር ብለውም አላዩኝም፤ ተንበርክከው አንድ በአንድ እየፈለቀቁ ያያሉ። በመጨረሻ «አልቦት ነው» አሉ። «ተክል ይተነፍሳል፣ ያልበዋል። መውጫ ስታሳጪው በራሱ ላብ ይሻግታል።»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ያኔ ዞር አሉ። ከዚህ በኋላ ያሉኝን እስከ ዛሬ ሰው ሳሠለጥን እደግመዋለሁ። «የለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ገመዱን አሳየሁሽ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኩሽም። ሰው የሚሠራውን ብቻ አውቆ ለምኑን ካላወቀ፣ የለመደው ነገር ሲሰበርበት ያጠፋል። እኛ ጋ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ይህንን ነበር። አንቺን ሳስተምር ረሳሁት። አሁን እንባሽን ጥረጊና አረቄ ፈልጊልኝ።»

ጋሼ አረቄ አይቀምሱም። ሊጀምሩ ነው ብዬ በድንጋጤ ከጎረቤት አንድ ብርጭቆ ለምኜ አመጣሁ። እሳቸው ምላጫቸውን ነከሩበት። የሻገተውን ዘለላ ከመቁረጣቸው በፊት የወረቀት ከረጢት ያለብሱታል፤ አቧራው ወደ ደህናው እንዳይበን። ይቆርጣሉ፣ ምላጩን አረቄ ውስጥ ይነክራሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የተቆረጠውን ሁሉ ከግቢ አውጥቼ አቃጥላለሁ። እያንዳንዱን ሲያደርጉ ለምን እንደሆነ ይነግሩኛል። ሰባቱን ከነሥራቸው ነቀልን። አምስት ግንድ ቀረ፤ እነሱም አናታቸው ተቆርጦ ጥቂት የጎን ዘለላ ብቻ የያዙ።

ቀጥሎ የመጣው ሦስት ሳምንት የመስታወቷና የምላጩ ነበር። ማጠፊያው ተጠገነ። ጠዋት ማታ ይመረመራል፣ ይነቀነቃል፣ ይቆረጣል። ቢሆንም አንዱ ሄደ። ከዚያ ሌላ ሁለት። ጳጉሜን ላይ ሁለት ብቻ ነበር የቀረው፤ በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ አንዱ ከሥሩ ጠቆረ። ጋሼ እሱን ሲነቅሉ አንድ ነገር ገባኝ። ይህ የመጨረሻው ከሄደ፣ እትዬ አይመለሱም ብለው ሊያምኑ ነው። በአፋቸው አላሉትም። ዘለላውን ሲነኩ እጃቸው ይለው ነበር።

የመጨረሻው ግንድ በበሩ በኩል ዳር ላይ የቆመው ነው፤ ቀዩ ጨርቅ የሚወዛወዝበት፣ ንፋስ የሚያገኘው። ሦስት ዘለላ ነበረው። የመስከረም ፀሐይ ወጣች፣ ጉሙ ወደ ሜዳው ተመለሰ፣ ዘለላው ግንዱ ላይ እንደቆመ ደረቀ። ጋሼ በነጭ አቡጀዲ ጠቅልለው አሹትና ነፉት። ጥቁር፣ ደቃቅ ዘር። ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ጨምረው ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። ከታች አንድ ጣት እንኳ አልሞላም። «ይበቃል» አሉ፤ ከዚያ ሰርቪስ ክፍሌ በር ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ። እኔም አብሬ።

በሚቀጥለው ክረምት አንድም ግንድ አልሞተብንም። መደቡን ግድግዳው ከሚከልለው ቦታ አንሥተው ወደ በሩ ወስደውት ነበር። እኔ ለምኑን ሁሉ አውቃለሁ፤ እሳቸው ሲሰነብቱ መስታወቷን ይዤ የምመረምረው እኔ ነኝ። ብልቃጧ ሞልታ ሌላ ብልቃጥ ተጨመረ።

ከዚያ ግንቦት ላይ መንግሥት ተለወጠ፤ መንገድ ተከፈተ። ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ አንድ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመና እትዬ ወረዱ። ከስተዋል፤ ጸጉራቸው ነጭ ገብቶበታል። እልልታው፣ ለቅሶው፣ የጎረቤቱ ግርግር አይነገርም። ጋሼ ሚስታቸውን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ገና ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ እጃቸውን ይዘው ወደ መደቡ ወሰዷቸው።

«ዘሩ አልተቋረጠም» አሉ። «ያው ያንቺው ነው።»

እትዬ ጠጠሩን አዩ። ቆርቆሮውን፣ ገመዱን፣ ቀዩን ጨርቅ አዩ። በምስማር ላይ የተሰቀለችውን መስታወት አዩ። እኒያ አፋቸው የማይያዝ ሴት በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙና እያለቀሱ ቆሙ። ጋሼ ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ልብስ ስናሰጣ እትዬ ዙሪያውን አዩና ጠጋ አሉኝ። በዚያች ሳምንት የሁለቱን ክረምት ነገር ሁሉ፣ ላስቲኩንም ሳልደብቅ፣ ነግሬያቸው ነበር።

«ስሚኝ አንቺ» አሉኝ። «የእናቴ ዘር የሞተው በተዳርኩ በመጀመሪያው ክረምት ነው።»

አልገባኝም።

«በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ ይሻግታል። ነቅዬ እጥለውና ሾላ ገበያ ሄጄ ከነአፈሩ ገዝቼ እዚያው ጉድጓድ እተክላለሁ። እሱ ማታ ሲመጣ አረንጓዴ ነገር ያያል፤ ያኔ አረንጓዴ ሁሉ ለሱ አንድ ነበር። ገና ሙሽራ ሳለሁ ለእንግዳ ‹የእጇ ነገር ነው› ሲል ሰማሁት። እንዴት ብዬ ልመልሰው? አንድ ዓመት ዝም አልኩ፣ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ፣ ሃያ ዓመት ሆነ።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። የያዝኩት አንሶላ ጭቃ ላይ እስኪወድቅ ሳቅኩ፤ እትዬም ሳቁ። ወደ ማድቤት የሚነሡባቸው ጊዜያት ሁሉ ታዩኝ። ከዚያ እትዬ ሳቃቸው መሐል ላይ ተቆረጠ። «እኔ አንድ ክረምት አሻግሬው አላውቅም» አሉ። «ማንም አሻግሮት አያውቅም። እሱ ሁለት አሻገረው፤ የኔ ነው ብሎ። አደራሽን፣ እንዳትነግሪው።»

ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የለመድኩት ጠብ ጠብ ቀሰቀሰኝ፤ የዚያን ቀን ግን ከጠብታው ጋር የሁለት ሰው ድምፅ ነበር። በመስኮት ሳይ እትዬ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ከአልጋ ወርደው የማያውቁት እትዬ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ጉሙ ውስጥ ከጋሼ ጎን ቆመዋል።

«እንዲያ አይደለም» ይላሉ ጋሼ። «ከላይ ከያዝሽው አበባው ይሰበራል። ከዚህ፣ በሁለት ጣት።» ከዚያ ገርሟቸው ቀና አሉ። «እንዴ፣ ያንቺው ሙያ እኮ ነው፤ ረሳሽው?»

እትዬ ቀና ሲሉ መስኮቱ ላይ አዩኝ። ዓይናችን ተገናኘ።

«ሁለት ዓመት ቀላል ነው?» አሉ። «እጄ ረሳው። ከመጀመሪያው አስተምረኝ።»

ጋሼ ሲጋራቸውን መሬት ላይ ጣሉና የእትዬን ጣት ይዘው ግንዱ ላይ አስቀመጡላቸው። ከመጀመሪያው ጀምረው አስተማሯቸው፤ ለምን እንደሆነም ጭምር።